የአስካለ ፊት

በደብረ ብርሃን ሕፃናትን በማስለቀስ ደሞዝ የበላ ሰው ቢፈለግ ከእኔ ሌላ የሚገኝ አይመስለኝም። ሥራዬ በወረቀት ላይ «የገጽ ቅብና የአልባሳት ሠራተኛ» ይባል ነበር፤ ከተማው ግን በአጭሩ «ጭራቁ» ይለኝ ነበር። ባለቤቴ ሳትቀር የጎረቤት ልጅ ሲያስቸግራት «ጭራቁን ልጥራልህ?» ትላለች፤ እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በቀደም የእህቴ የልጅ ልጅ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቅና ቀንድና የጅብ ጥርስ አበቀለችልኝ፤ ከት ብላም ሳቀችብኝ። እኔ ለጥርሱ ብቻ ግማሽ ቀን እፈጅ ነበር። ሙያው በአንድ ጣት ንክኪ የሚያልቅ ከሆነ እኔም ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

አባቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በሠራተኞቹ ክበብ አንዳንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ይሸፈኑና ፊልም ይታያል። አንድ ቅዳሜ ፊቱ እንደ ሻማ የቀለጠ ሰው ያለበት ፊልም አየን። ልጁ ሁሉ አባቱ ጉያ ሲወሸቅ እኔ አንገቴን አስግጌ «ምን ቀብተውት ነው?» እል ነበር። ከዚያ ወዲያ እናቴ ቤት ዕቃ አልበረክት አለ። ሊጥ እሰርቃለሁ፣ የጧፍ ሰም አቀልጣለሁ፣ ከድስት ቂጥ ጥላሸት እፍቃለሁ፤ ለደም ቀይ ሥር እጨምቃለሁ። የእንቁላል ነጭ ፊት ላይ ሲደርቅ ቆዳን ጨምድዶ ልጁን ሽማግሌ እንደሚያደርገው ማንም ሳይነግረኝ ያወቅኩት ያኔ ነው። እንቁላሉ ለገበያ የተቀመጠ ስለነበር አባቴ በቀበቶ አናገረኝ። ከግርፊያው ይልቅ ያንገበገበኝ ግን ሰሙ በደብረ ብርሃን ብርድ ፊቴ ላይ መሰነጣጠቁ ነበር።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የፈለግኩት መቀባት ሳይሆን መተወን ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ የጅብ ንጉሥ ሆኜ መድረክ ወጣሁ። ፊቴን ያየ ሁሉ ደነገጠ፤ አፌን ስከፍት ግን የወጣው የጫጩት ድምፅ ነበር። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መምህራችን «አንተ ልጅ፣ ፊት እንጂ ድምፅ አልሰጠህም» አሉኝ። እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ፤ እዚያው ቀረሁ።

የአውራጃው ኪነት ቡድን ውስጥ ስቀጠር የተረከቡኝ ጋሽ ደምሴ ይባሉ ነበር። ቀድሞ የሱቅና የቡና ቤት ማስታወቂያ ሲጽፉ የኖሩ፣ ቀጭን፣ ነገር የማይወዱ ሰው ናቸው። ሰው ፊት ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ ብብታቸው ውስጥ ከተው ያሞቁታል። ከዚያ ተዋናዩ ፊት ቆመው «ልግባ?» ይላሉ። ተዋናዩ «ይግቡ» ካላላቸው አይነኩትም። አንድ ቀን ምን ማለታቸው እንደሆነ ብጠይቃቸው፣

«የሰው ፊት የሰው ቤት ነው። በር ሳያንኳኳ ሰው ቤት የሚገባ ማነው? ሌባ ነው» አሉኝ።

ሲቀቡ አይናገሩም። ቀለሙን በብሩሽ አይጀምሩትም፤ መጀመሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው የአጥንቱን መንገድ ይከተላሉ፤ ጉንጩ የት እንደሚሰበር፣ ቅንድቡ የት እንደሚያልቅ። «ጭራቅ ከውጭ አይመጣም፤ እዚያው አጥንቱ ውስጥ አለ፤ አንተ ጥላ ብቻ ጨምርለት» ይሉ ነበር። ትርኢቱ ሲያልቅ ደግሞ ማንም ሰው ፊቱን ራሱ እንዲያጥብ አይፈቅዱም። የኑግ ዘይት ለብ አድርገው በጥጥ እየነከሩ ራሳቸው ይጠርጉታል፤ ደክሟቸው እየተንገዳገዱም ቢሆን። እኔ ቶሎ ቤቴ መግባት ስለምፈልግ በዚህ ልማዳቸው ብዙ ተነጫንጬባቸዋለሁ።

አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። በደርግ ጊዜ የነበረው ካድሬ ጭራቅ የሚባል ነገር የአድኃሪ ተረት ነው ብሎ ከለከለን፤ ከዚያ ለበዓል ኢምፔሪያሊዝምን የሚመስል ፊት ሥሩ ተባልን። ያንኑ ጭራቅ አውጥተን ባርኔጣ ደፋንበት፤ ተጨበጨበልን። ደሞዙ ያው የሚታወቅ ነው፤ አበሉም ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። እኛ ግን ለሚ፣ ደነባ፣ መዘዞ እያልን በጭነት መኪና እንዞራለን። ደነባ በገበያ ቀን አቧራው ከቀለሙ ጋር ይቦካል። መዘዞ ላይ ሰሙ እንደ ጠጠር ይደርቅና ተዋናዩ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ያቅተዋል። ቆላ ስንወርድ ደግሞ ጭራቁ ገና ሳይጮህ አፍንጫው ይወርዳል። ስለዚህ ለየአገሩ የተለየ ሰም ነበረኝ።

ኤድስ በመጣ ጊዜ አንድ ኃላፊ ጠርቶኝ «በሽታውን ሰው ሁሉ እንዲፈራው አድርገህ ቅባው» አለኝ። ቀባሁት። ሶፍት ወረቀት በእንቁላል ነጭ እያጣበቅኩ፣ እየቀደድኩ፣ ቀይ ሥር እየጠቀጠቅኩ እንደዚያ የመሰለ ቁስል ሠርቼ አላውቅም። ሰው አፉን ይዞ ከአደባባይ ሸሸ፤ ኃላፊው አመሰገነኝ። ጋሽ ደምሴ ግን ያን ቀን ጥጡን እየነከሩ «በሽታውን አይደለም የቀባኸው፤ የታመመውን ነው» አሉኝ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ፤ ብሩሾቻቸው ወደ እኔ መጡ።

አስካለ ቡድኑን የተቀላቀለችው ከጋሽ ደምሴ ሞት በኋላ ነው። የአንኮበር ልጅ ናት። ሳቂታ፣ አፈኛ፣ ቀጠሮ የማታከብር፤ መድረክ ላይ ግን ማንም የማይደርስባት። ፊቷ ቀለም ይቀበላል፤ አንዳንዱ ፊት ቀለሙን ተሸክሞ ይቀመጣል እንጂ አይቀበልም። ለልጆች በምናሳየው ተረት ላይ ጭራቋ ሁልጊዜ እሷ ነበረች። ቀብቼ ስጨርስ መስታወቱን ነጥቃ «ውይ ጋሼ! ዛሬስ አምሮብኛል፤ ባል አገኛለሁ» ትላለች። መድረክ ላይ ስትወጣ ፊት ለፊት የተቀመጡት ልጆች ያለቅሳሉ፤ እሷ ወደ መጋረጃው ጀርባ ስትመለስ እየተንፈራፈረች ትስቃለች። ባልም አገኘች፤ ሕሊና የምትባል ልጅ ወለዱ። ሰውየው ለሥራ ብሎ ዓረብ አገር ሄደ፤ ጥቂት ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ ጠፋ።

ሕሊና ገና አፏን በፈታችበት ወራት የአስካለ የጋዝ ምድጃ ፈነዳ። ልጅቷ ጎረቤት ነበረች፤ እግዜር አወጣት። አስካለን አዲስ አበባ ወሰዷት። ልጅቷን የአስካለ ታላቅ እህት እትዬ ሙሉ አንኮበር ወስዳ ያዘቻት፤ የእናቷን ፎቶግራፍ እያሳየች፣ በስልክም ድምፅዋን እያሰማች አቆየቻት።

ሆስፒታል ልጠይቃት ስሄድ ክፍሉን የሳትኩ መስሎኝ ልመለስ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ስወደው የኖርኩት ያ የፊልም ፊት አልጋ ላይ ተኝቶ «ጋሼ፣ መጣህ?» አለኝ። ድምፁ የአስካለ ነበር። የግራ ዓይኗ አይከደንም፤ ጉንጯ ከአንገቷ ጋር ተያይዟል፤ አፍንጫዋ ጎድሏል። ተቀመጥኩ። ያመጣሁትን ብርቱካን እየላጥኩ ስለቢሮው ሐሜት አወራኋት። የገዛ እጄን ጠላሁት፤ ይህን ለማስመሰል ነበር ዕድሜዬን ሙሉ ሰም ያቀለጥኩት።

ቀዶ ጥገናው ብዙ ነበር፤ አደጋው ከደረሰ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀር ደብረ ብርሃን ተመለሰች። መጀመሪያ ያደረገችው አንኮበር መሄድ ነው። ልጅቷ በሩ ላይ አየቻትና «ጭራቅ! ጭራቅ መጣች!» ብላ እትዬ ሙሉ ቀሚስ ውስጥ ገባች። አስካለ በዚያው መኪና ተመለሰች። በማግስቱ ቢሮዬ መጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ።»

«ምን ችግር አለው።»

«ድሮዬን ሥራልኝ። አንድ ቀን ብቻ በድሮ ፊቴ ትየኝ። እናቷ መሆኔን ካወቀች በኋላ የሆነው ይሁን፤ ቀስ ብዬ አለማምዳታለሁ።»

«አስኩ፣ እኔ እኮ ጭራቅ ነው የማውቀው።»

«ሰው ጭራቅ ታደርግ የለ? ገልብጠህ ሥራው!»

ይህን ስትል አልሳቀችም። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ እምቢ የሚል አፍ ግን አልነበረኝም። ሙያዬ ላይም ትዕቢት ነበረኝ። ድሮ የተነሣችውን ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ሰክቼ ሥራዬን ጀመርኩ። የተቃጠለ ቆዳ ዘይት አይጠጣም፤ ቀለም የሚይዝበት ቀዳዳ የለውም፤ መስታወት ላይ እንደመቀባት ነው። ሰምና ሙጫ ከጥጥ ጋር ለውሼ የጎደለውን ሞላሁ፤ በላዩ ላይ የሙሽራ ፋውንዴሽን በስስ በስሱ እየደራረብኩ፣ በፓውደር እያደረቅኩ ቀባሁት። ክንዷ ላይ ሞከርኩት፤ ያዘ። ፊቷ ላይ ሞከርኩት፤ ከጧት እስከ ምሳ ያዘ። ከሩቅ ሲያዩት አስካለ ነበረች። መስታወቱን ስሰጣት አየችና መልሳ ሰጠችኝ።

የረሳሁት የአንኮበርን ጉም ነው። ለየአገሩ የተለየ ሰም የነበረኝ ሰውዬ፣ የደብረ ብርሃንን ደረቅ ብርድ ችሏል ብዬ ያንኑ ሰም ይዤ ሄድኩ። እትዬ ሙሉ ጎረቤት አንድ ክፍል ለምነን እዚያ ቀባኋት። ከክፍሉ እስከ እትዬ ሙሉ በር ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ጉሙ ግን እስከ ጉልበት ወርዶ ነበር።

አስካለ ከበሩ ቆማ «ሕሊናዬ» አለች። ልጅቷ ድምፁን ሰምታ ቀና አለች። አየቻት። ቀስ ብላ መጣች፤ ከዚያ ሮጠች። «እማዬ!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። እትዬ ሙሉ እልል ልትል እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔም በሩ ጋ ቆሜ አለቀስኩ፤ ለራሴም አጨበጨብኩ ማለት ይቻላል። አስካለም ታለቅስ ነበር፤ ያ የማይከደን ዓይኗ እንባውን ያወርደዋል። ልጅቷ እንባዋን ልትጠርግላት ትንሽ እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች። ጉንጩ እጇ ላይ ቀረ።

መጀመሪያ አልጮኸችም። መዳፏ ላይ ያለውን ሥጋ የመሰለ ነገር አየች፤ የእናቷን ፊት አየች፤ እንደገና መዳፏን አየች። ከዚያ በኋላ የጮኸችውን ጩኸት አልጽፈውም። እትዬ ሙሉ ልጅቷን ነጥቃ ወደ ውስጥ ስትገባ ወደ እኔ ዞራ «አንተ ሰውዬ፣ ምን አድርገንህ ነው እንዲህ ያደረግኸን?» አለችኝ። ልጅቷ ከዚያ በኋላ እህል አልቀምስ ብላ ጠበል ለጠበል እንዳዞሯት ሰማሁ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አስካለ ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ደብረ ብርሃንን በሩቁ ስናይ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ድሮ ልጆቹ ሲያለቅሱ እስቅ አልነበር?»

«ሥራ ነው አስኩ።»

«ልጆቹ እኮ የምራቸውን ነበር» አለች።

ፊቷን እኔ ነበርኩ ማጠብ የነበረብኝ። ራሷ በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋው ጨርሳ ነበር።

ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ ጡረታ እንደወጣሁ ሳጥኔን ይዤ ብቻዬን አንኮበር ሄድኩ። ማንም አልላከኝም። እትዬ ሙሉ በመጀመሪያ በር ላይ አቆመችኝ፤ ሽማግሌ መሆኔን አይታ ግን ደጅ መደብ ላይ እንድቀመጥ ፈቀደች። አሳቤ ቀላል ነበር፤ ልጅቷ የፈራችው ፊቱ ሲሠራ ስላላየች ነው፤ ካየች አትፈራም። እጄ ላይ ትንሽ የቃጠሎ ጠባሳ ቀባሁ። ልጅቷ ከበሩ ኋላ በአንድ ዓይኗ ታየኛለች። በዘይት ጠርጌ እጄን አሳየኋት። ሌላ ጊዜ ሄጄ ክንዴን ቀባሁ፤ ሌላ ጊዜ ጉንጬን። ስመላለስ ቆይቼ አንድ ቀን አጠገቤ መጥታ እንቁላሉን መምታት ጀመረች። በመጨረሻ ፊቴን ሰጠኋት። ሶፍቱን እየቀደደች፣ ምላሷን አውጥታ እየተጠበበች የቃጠሎ ፊት ሠራችልኝ። መስታወት ውስጥ ያየሁት የእናቷን ፊት ነበር። ትስቃለች። ከዚያም በዘይትና በጥጥ ራሷ ጠረገችኝ፤ ጎበዝ ሠራተኛ ናት፣ ከጆሮዬ ኋላ ሳይቀር።

አሸነፍኩ ብዬ አስካለን ጠራኋት። በማግስቱ ያለ ምንም ቀለም መጣች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ስታወርድ ልጅቷ አልሮጠችም። ትክ ብላ አየቻት፤ ከዚያ ወደ ሳጥኔ ሄዳ ዘይቱንና ጥጡን አመጣች። በርጩማ ሳበች፤ ወጣችበት፤ የእናቷን ጉንጭ መጥረግ ጀመረች።

ምን እንዳስተማርኳት የገባኝ ያኔ ነው። ልነሣ ስል አስካለ በእጇ ተው አለችኝ። ልጅቷ ጠረገች። ጥጡን ቀየረች። ጫን ብላ ጠረገች፤ የአስካለ ትከሻ ሲሸማቀቅ አየሁ፤ ፊቷን ግን አላሸሸችም።

«አባባ፣ እምቢ አለ» አለችኝ ልጅቷ።

«አይለቅም የኔ እናት» አለች አስካለ። «አልተቀባሁትም። እኔ እናትሽ ነኝ።»

ጥጡ ከልጅቷ እጅ ወደቀ።

«በእማዬ ድምፅ አታውሪ!» አለች። «አታውሪ! እማዬ ትሰማሻለች!»

ልትሮጥ ነበር፤ አንድ እግሯ ከበርጩማው ወርዷል። አስካለ እኔን አላየችም፤ እህቷንም አላየችም። ጉሮሮዋን ጠረገችና ከደረቷ ውስጥ ሻካራ፣ የማላውቀው የአሮጊት ድምፅ አወጣች።

«እሺ የኔ ልጅ፤ አላወራም። ልቀልድብሽ ብዬ ነው።»

ልጅቷ ቆመች። ብዙ ካየቻት በኋላ መልሳ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ የት ነው ያለሽው?»

«ደብረ ብርሃን።»

«እማዬን ታውቂያታለሽ?»

«በደንብ ነው የማውቃት።»

ሕሊና ኪሷ ውስጥ እጇን ከተተች። ከወለቀ የሰነበተ የፊት ጥርሷን አወጣች፤ ጣራ ላይ ሳትወረውረው ያቆየችው ነው። አስካለ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

«ይቺን ስጪልኝ። ጥርሷ ወለቀ በያት። አሁን ትልቅ ሆናለች፣ አትፈራም በያት።»

«እነግራታለሁ» አለች አስካለ በዚያው ድምፅ። የልጇን ጥርስ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ቋጠረችው፤ በጣቷ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።